ሱሪህን ማን አሰፋው?

ጥቅምት 8

ለቤቴ ሰው፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ለክፉ አይሰጠኝም። ባለፈው በስልክ አንተ «ደህና ነሽ ወይ?» ብለህ ስትጮህ፣ እኔ «ደህና ነኝ!» ብዬ ስጮህ፣ አንተ መልሰህ «ምን? ምን ሆንሽ?» ስትል፣ የልጃችን ጎረቤቶች ሰው የሞተ መስሏቸው በር አንኳኩ። ከዚህ በኋላ እንደ እጮኝነታችን ጊዜ በደብዳቤ ይሁን። ያን ሁሉ ዘመን ቆርቆሮ ስትቀጠቅጥ የሄደብህን ጆሮ ስልክ አይመልሰውም። ዓይንህ ግን ተመስገን ነው፣ ከእኔ ይሻላል።

ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸውልህ። አዎ፣ ብስክሌት ነው። አይ፣ አላበድኩም። ብስክሌቱ ወለሉ ላይ የተተከለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢነዱት የትም አይደርስም። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣኝ «እናቴ፣ ልብዎ ተጎዳ እንጂ አልሞተም። ቤት ተኝተው ካስታመሙት ግን ይሰንፋል» ብሎ እዚሁ የልብ ማገገሚያ ክፍል አስመዘገበኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሦስት ወር ነው። ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ድሮ አንሶላ ማጠቢያ ነበር ይላሉ፤ ዝናብ ሲዘንብ ግድግዳው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ደረታችን ላይ ሽቦ ይለጥፉና ብስክሌት ላይ ያወጡናል፣ ከዚያ ደግሞ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ያራምዱናል። ሲስተሯ የእያንዳንዳችንን ልብ በቴሌቪዥን እያየች ትቀመጣለች። «እያወራችሁ ንዱ፤ ማውራት ያቃተው ያቁም» ነው ሕጓ። እኔን ታውቀኛለህ። ማውራት አቅቶኝ ስለማያውቅ አላቆምኩም።

ከጎኔ የሚነዳው ጡረታ የወጣ የታክሲ ሹፌር ነው። ኮርቻው ላይ በወጣ ቁጥር «እሜቴ፣ ወዴት ላድርስዎ?» ይለኛል። አንድ ቀን ስቄ ስቄ ሽቦው ተነቀለና ሲስተሯ ልቤ የቆመ መስሏት እየሮጠች መጣች።

አንተስ ምን እየበላህ ነው? ማታ በሩን ትቆልፋለህ? ስለ ቤቱ አንድም ነገር አልነገርከኝም።

የልጅህ እናት


ጥቅምት 19

ለባለቤቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱም ደህና ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ አልዋጥልኝ አለ። እኔ የማውቀው ብረት ነው። የተሰነጠቀ ብረት ያሳርፉታል እንጂ መልሰው አይደበድቡትም። ልቧ የታመመን ሴት ብስክሌት ላይ የሚያወጡ ሰዎች ሊያድኑሽ ነው ወይስ ሊማሩብሽ? ወረቀት አስፈርመውሻል? ከፈረምሽስ ምን እንደሚል አይተሻል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሚባለው።

ልጃችንንም ቢሆን እወዳታለሁ፣ የአብራኬ ክፋይ ናት። ግን ሁለት ሕፃን ያላት ሴት እናቷ ቆይታ ብትሰነብትላት አትጠላም። ሦስት ወር ያለው ሐኪሙ ነው ወይስ እሷ ናት? እስቲ አጣሪልኝ።

ስለ ሹፌሩ ምንም አልልም። አንድ ነገር ብቻ እነግርሻለሁ፤ የሚያስቅ ሹፌር መንገድ የሚያዞር ሹፌር ነው።

ስለ ቤቱ ለጠየቅሽኝ፣ በሩን እቆልፋለሁ። መኝታ ቤቱን ዘግቼ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምተኛው። አልጋው ያላንቺ ሰፋብኝ። ስለ ምግቤ አታስቢ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ፣ ብታይኝ አታውቂኝም።

የቤትሽ ሰው


ኅዳር 2

ለቤቴ ሰው፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «አልጋው ያላንቺ ሰፋብኝ» ያልከውን ለልጃችን ባነብላት እንባዋ መጣ። እኔም ለጊዜው ሆዴ ባባ። ማታ ግን ሳስበው ጠረጠርኩ። ልጃችን የተወለደች ቀን ታቅፈሃት «መጥፎ አይደለችም» ያልክ ሰው ነህ። እንዲህ ያለው ማር ቃል በስተርጅና ከየት መጣ?

ውፍረቱም ቢሆን ግራ ገብቶኛል። እንቁላል ሲቀቅል ውሃውን አትንኖ ድስቱን የሚያሳርር ሰው በራሱ ሙያ ይወፍራል? እኛ እዚህ ጨው ቀንሱ፣ ቅባት ቀንሱ እየተባልን ሰውነታችን ሲጎድል፣ አንተ ብቻህን ሆነህ ትደልባለህ። የሚያበላህ ሰው ካለ ንገረኝና ላመስግን።

ይህን ስል ያለ ምክንያት አይደለም። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ለዓይኗ ሕክምና እዚህ መጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ ተገናኘን። ከተሳሳምን በኋላ ስለ አንተ ጠየቅኳት።

«ኧረ ደህና ነው። አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊዋ ደጅ፣ አግዳሚዋ ላይ ቁጭ ብሎ አየዋለሁ» አለችኝ።

«አልፎ አልፎ ነው?»

«የለም፣ በየቀኑ ነው። ውሃም ታወጣለታለች።»

ከዚያ ያላሰበችው ነገር ያመለጣት መስላ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ሳቅ ብዬ ሸኘኋት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያንተስ ጆሮ ለማንም ባዳ ነው፤ የእኔ ግን ይሰማል። ሴትዮዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እንደሆነች አውቃለሁ። እጇም ጥሩ ነው። ክፉ ሴት ናት አልልም።

ልጠይቅህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከሱቅ ስትወጣ ቤትህ ቀጥ ብሎ ከፊትህ እያለ፣ እዚያ ደጅ ምን አስቀመጠህ?

የልጅህ እናት


ኅዳር 11

ለባለቤቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

አግዳሚ የሚሠራው ሰው እንዲቀመጥበት ነው። ተቀመጥኩ። አመሻሽ ላይ እዚያ ጋ ፀሐይዋ ጥሩ ናት፣ ነፋስም የለም። ሴትዮዋ ውሃ ብትሰጠኝ ሰው ስለሆነች ነው። ከሱቋ ደጃፍ እንጂ ከጓዳዋ አልገባሁም። ከእሷ ጋር ያለኝ ጉዳይ ሱሪዬን ማስፋት ብቻ ነው፤ እሱም አልቋል።

የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ዓይኗን ልትታከም መጣች ካልሽኝ፣ ይቺ ዓይኗ የታመመ ሴት እኔን ከመንገዱ ማዶ በየቀኑ እንዴት አየችኝ?

አሁን ደግሞ የእኔን ተራ ስሚኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ብስክሌት ብስክሌት ሲል አለቀ። የኅዳሩ ላይ ስለ ብስክሌት አንድ ቃል የለም። ስለ ምንጣፉም የለም። ስለ ሹፌሩም የለም። ሰው ስለሚወደው ነገር ዝም ሲል እኔ ዝምታውን ነው የማነበው። ሦስት ወሩ በጥር ያልቃል ብለሽኝ ነበር። ልጃችን ለጎረቤታችን ደውላ «እማዬ ትንሽ ሳትቆይ አትቀርም» ማለቷን ሰምቻለሁ። ለእኔ ያልተነገረ ለጎረቤት የሚነገር ምን ነገር አለ?

እውነቱን ብትነግሪኝ አልሞትም።

የቤትሽ ሰው


ኅዳር 23

ሱሪህን ማን አሰፋው?

ሰላምታውን ዘለልኩት፣ ይቅር በለኝ። ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ከአፌ የሚወጣው ይሄ ብቻ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ያንተን ሱሪ ከእኔ በቀር ማንም መርፌ አላስነካውም። ማሽኔ እዚያው ቤት ክዳኑን ለብሶ ተቀምጧል። መጠበቅ አቃተህ? ሱሪ ለማስፋት ደግሞ ወገብ ይለካል። በሜትር ለካችህ ወይስ በክንዷ?

ትራስም ገዝተሃል አሉ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሚስት፣ ያቺ ዓይኗ የታመመው፣ ሁለት አዲስ ትራስ ተሸክመህ ስትገባ አይታ ለልጃችን ደውላ ነግራታለች። ቤት ውስጥ ሁለት ነበሩ። ሚስቱ የሌለች፣ አንድ ራስ ብቻ ያለው ሰው አራት ትራስ ለማን ነው? አልጋው ሰፋብኝ ያልከኝ አንተ ነህ። ለካስ የሚሞላው ሰው አልጠፋም።

ስለ መቆየቴ ለጠየቅከኝ፣ ብስክሌቶቹ ተበላሽተው ትምህርቱ ለአንድ ወር ተራዝሟል። ሌላ ነገር የለውም። ካላመንክ መኪና ተሳፍረህ ና፣ በዓይንህ እይ። ብትመጣ ደስ ይለኛል። ካልመጣህም ለምን እንዳልመጣህ አውቀዋለሁ።

የልጅህ እናት


ታኅሣሥ 4

ለባለቤቴ፣

ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረጂብኝ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ብስክሌቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተበላሹ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስጠግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ብረት እንደ ሰው ተማክሮ አይታመምም። አንዱ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ አንዱ ፔዳሉ ይወልቃል፣ ሌላው ይሠራል። ስለዚህ ዋሽተሽኛል። ለምን እንደዋሸሽኝ አላውቅም፤ አልጠይቅምም፣ መልሱን ፈርቼዋለሁ።

ና ማለትሽ መልካም ነበር። ግን ሥራ በዝቶብኛል። የትምህርት ቤቱን አሸንዳ ለመሥራት ተዋውያለሁ፣ ጥዬ መምጣት አልችልም።

ስለ ሌላው ስም ማጥፋትሽ በተራ እመልስልሻለሁ፤ ወንድ ልጅ ሳያጠፋ መከሰስ የለበትም። ወገቤን የለካችው በሜትር ነው፣ ደጅ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየ። ሱሪው የጠበበኝ ስለወፈርኩ ነው። ጫማውም ጠቦኝ ትቼዋለሁ፤ በሸበጥ ነው የምሄደው። በሸበጥ እየተጎተተ ሴት ጋ የሚሄድ ሽማግሌ አይተሽ ታውቂያለሽ? አራቱም ትራስ የእኔ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ስጋደም ደረቴ ላይ እየወጣ አላስተነፍስ ስላለኝ፣ ትራሶቹን ከጀርባዬ ደርድሬ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው ከማን ጋር ምን ያደርጋል? አግዳሚውም ቢሆን ሌላ ምክንያት የለውም፤ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ነው።

ይኸው ሁሉንም መለስኩ። አሁን አንቺ የብስክሌቱን መልሽ።

የቤትሽ ሰው


ታኅሣሥ 12

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የምትሰጥህ ልጃችን ናት። አንብበህ ስትጨርስ ሸበጥህን አድርገህ ከእሷ ጋር ትነሳለህ። ሰላምታው በኋላ ይደርሳል።

ብስክሌቶቹ አልተበላሹም። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ጥቅምት ሲያልቅ ምንጣፉ ላይ እየተራመድኩ ሳለ ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅኩ። የልቤ ምት ተዛብቶ ነበር። መድኃኒቴን ቀየሩልኝ፣ ጥቂት ሳምንታትም እንዳርፍ አደረጉኝ። ትምህርቱ የተራዘመው ለዚህ ነው። ልጃችንን «አባትሽ ይህን ከሰማ መንገድ ላይ ይቀራል» ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ። አሁን እየነዳሁ ነው፣ ደህናም ነኝ። እውነተኛውን ደህና ነው የምልህ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ትናንት ሲስተሯ ብስክሌቱን አስቁማ ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አደረገችንና ስለ ደከመ ልብ አስተማረችን። «ልብ ሲደክም ደሙን በወጉ መግፋት ያቅተዋል» አለች። «ውሃው እግር ላይ ይቀራል፣ ሆድ ላይ ይቀራል፣ ሳምባ ውስጥ ይገባል። ሰውየው የወፈረ ይመስለዋል። ጫማ ይጠበዋል። ተጋድሞ መተንፈስ ስለሚቸግረው ትራስ በትራስ ላይ ይደርባል። ጉንፋን ነው እያለ ይከርማል።»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «ታላቅ ወንድሜ እንደዚህ ነበር። 'ተመቸኝ' እያለ ነው የቀበርነው» አለ።

እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«እናቴ፣ ምን ሆኑ? ደረትዎ ነው?» አለች ሲስተሯ።

«የእኔ አይደለም» አልኳት።

ደብዳቤዎችህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ለምን ይዣቸው እንደምዞር አትጠይቀኝ፤ ስናደድ እያወጣሁ ላነብ ነው። አወጣሁና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ሜትሩ ስደርስ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ትራሱ ላይ ስደርስ ግን ሳቋን አቆመች።

«እስቲ ያችን መልሰው ያንብቡልኝ» አለችኝ።

መልሼ አነበብኩላት።

«ከሱቃቸው እስከ ቤታችሁ መንገዱ ምን ይመስላል?»

«ዳገት ነው።»

«አግዳሚው የት ጋ ነው?»

«ዳገቱ እኩሌታ ላይ» አልኳት። ከአፌ የወጣውን ያን ጊዜ ራሴ ሰማሁት። ያን ዳገት በአንድ ትንፋሽ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ በትከሻህ ይዘህ፣ እያፏጨህ ስትወጣው ስንት ዓመት ከመስኮት አይቼሃለሁ።

ሲስተሯ እጄን ያዘችና «እናቴ፣ ባለቤትዎ ሴት አልያዙም። ልባቸው ነው የደከመው። ዛሬ ነገ ሳይባል ሐኪም ያስፈልጋቸዋል» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ? ያን ጊዜ ምነው ሴት በያዘ አልኩ።

ከትናንት ጀምሮ ብንደውልልህ ስልኩን አታነሳም። ጎረቤቶቹም ሱቁ ከተዘጋ ሰንብቷል አሉን። የትኛው ትምህርት ቤት ነው አሸንዳ የሚጠብቅህ? እኔ ረጅም መንገድ እንዳልሄድ ገና አልፈቀዱልኝም እንጂ እግሬ ቢቆረጥ እመጣ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለህ ለእኔ ተርተህልኛል፤ ደረቴን ያመመኝ ቀን ወደ ክሊኒክ የጎተትከኝ አንተ ነህ። አሁን ተራህ ነው። ልጅህን እንዳታስለቅስ። እንዳትከራከር። ዝም ብለህ ተነስ።


ታኅሣሥ 25

ለተከበሩ እህቴ፣

እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ልጅዎ የሆነውን ሁሉ በስልክ እንደነገረችዎ አውቃለሁ። እሳቸውም እዚያው እርስዎ ያሉበት ሆስፒታል ገብተው በዓይንዎ እያዩዋቸው ነው። ቢሆንም ስሜ በየደብዳቤው ሲነሳ ከርሟል ስለተባለ፣ የእኔን ከእኔ ቢሰሙ ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የተቀመጡ ቀን ሰው የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። በማግስቱም ተቀመጡ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፣ ቀኑ ግን ብርድ ነው። ውሃ ሰጠኋቸው። ምን ሆኑ ብላቸው ጆሯቸው ያልሰማ መሰሉ፤ ከፈለጉ አለመስማት እንደሚያውቁበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ሱሪውን ሁለቴ ነው ያሰፋሁት። የመጀመሪያውን አልጠረጠርኩም፣ ሚስቱ የሌለች ሰው ይጠጣል፣ ይወፍራል ብዬ። ወሩ ሳያልቅ ሌላውን ይዘው መጡ። የእግሩን ጫፍ በስፒል ስይዝ ጣቴ ቁርጭምጭሚታቸውን ነካ። ጣቴን ሳነሳ ቆዳው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ደነገጥኩና «ክሊኒክ ይሂዱ እንጂ» አልኳቸው። «ነገ» አሉኝ። ለእርስዎ እንዲነገር ብለምናቸው ግን ተቆጡኝ። «እሷ የልብ በሽተኛ ናት። ይሄን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆን አንቺን ነው የምጠይቅ» አሉና አስማሉኝ። ነገ ነገ ሲሉኝ ኅዳር አለቀ። እኔም መሐላዬን ይዤ ዝም አልኩ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ መጠርጠር ያለብዎት ይሄን ዝምታዬን ነበር።

ልጅዎ የመጣች ቀን እሳቸው ከሶፋው መነሳት አቅቷቸው ነበር። ጎረቤቱ ተረዳድቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባቸው። ደብዳቤዎን በእጃቸው ጨብጠው አልለቅ ብለው ነበር። መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ ጠሩኝና፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ እንደሆነ፣ «ደህና ነው ብለሽ ጻፊላት» አሉኝ። «ይሄን አልጽፍም» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩትን በአንድ ጊዜ ሰሙኝ።

መጠርጠርዎ አላስቀየመኝም። ደብዳቤው ውስጥ ስለ ሜትሩ ያሉትን ልጅዎ ብትነግረኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመጠርጠር እንኳ ያበቃኝ ሰው አልነበረም።

አክባሪዎ


ሚያዝያ 6

ለባለቤቴ፣

ሱቁን ለማስረከብ ብለሽ ወደ ቤት ከተመለስሽ ገና ሁለተኛ ሳምንትሽ ነው፣ ሦስት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ላክሽልኝ። ፖሊስ እንኳ ይህን ያህል አይጠይቅም። «ደህና ነኝ ብለህ ከጀመርክ ደብዳቤውን ሳላነብ እቀደዋለሁ» ስላልሽ፣ እንደታዘዝኩት ሆኖ ይኸው።

ደህና አይደለሁም፤ ክፉኛም አይደለሁም። እግሬ ጎድሏል፣ ጫማዬ ይገባል። በሁለት ትራስ እተኛለሁ። መድኃኒቱ ሽንት በሽንት ስላደረገኝ ልጃችን ቤት ከማንም በላይ የማውቀው ክፍል ሽንት ቤቱ ሆኗል። ሐኪሙ ምን አለህ ላልሽው፣ እንዳለው እነግርሻለሁ። «ልብዎ መሥራት የሚገባውን ግማሹን ነው የሚሠራው። ከዚህ የተሻለ ልናደርገው እንሞክራለን እንጂ እንደ ድሮው አይሆንም» አለኝ። መዶሻ አያነሱም ብሎኛል። እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አይደለም። ከሆስፒታሉ ወጥቼ መንገድ ማዶ አጥር ስር ቆሜ አለቀስኩ። ይሄን ለልጃችን አልነገርኳትም። ላንቺ ነገርኩሽ። የመዶሻዎቼን ነገር እንደፈለግሽ አድርጊ፣ ለማን እንደሰጠሽ ግን አትጻፊልኝ።

ማገገሚያውን በየተራው እየሄድኩ ነው። አይ፣ ቀርቼ አላውቅም፤ ልጃችን ልትመሰክር ትችላለች፣ በር ድረስ እያደረሰች እንደ እስረኛ ታስረክበኛለች። ብስክሌቱ ላይ እወጣለሁ። ከሰው ጋር ግን አላወራም ነበር። ሲስተሯን አላመንኳትም። ዝም ብላ ልቤን በቴሌቪዥን ታያለች፣ አንድ ነገር ትጽፋለች፣ ፈገግ ትላለች። ሰው የሌላውን ሰው ልብ እያየ ፈገግ ሲል ምን አይቶ ነው? አንድ ቀን ብስክሌቱን አቁሜ «ምን እየደበቅሽኝ ነው?» አልኳት።

«ምንም አልደበቅኩዎትም» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «እርስዎስ ምን እየደበቁኝ ነው?»

ያዘችኝ። ያን ዕለት ጠዋት ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጨምድዶኝ ነበር፣ ለማንም አልተነፈስኩም። እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ሐኪም ጠርታ አሳየችኝ፣ መድኃኒቱን ጨመሩልኝ፣ የዚያን ቀን ብስክሌቱን ከለከሉኝ። ተቀምጬ የሰዉን እግር ሳይ ዋልኩ። ሁሉም እያወራ ይነዳል። የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ወሬው ፍርሃታቸውን የሚያባርሩበት ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ለመጻፍ አፍሬ መጨረሻ ላይ አደረግኩት። በመጪው ሐሙስ ሕመምተኛው ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚማርበት ቀን ነው። ሲስተሯ ትናንት «ሰው የሚመጣለት እጁን ያውጣ» አለች። እኔ የተባለውን አልሰማሁም፤ ሰዉ እጁን ሲያወጣ አይቼ አወጣሁ። ወደ እኔ ዞራ «ማን ይመጣልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይቺን ግን ከከንፈሯ አነበብኳት። «ሚስቴ!» አልኳት። ጆሮው የደነቆረ ሰው ድምፁን አይመጥንም፤ ለካስ ጮኼ ኖሮ ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ።

ይህን ያህል ሰው ሰምቶኛል። ነይ።

የቤትሽ ሰው